የተገለበጠው ዳቦ

ሉሲየን መጀመሪያ ወደ ዳቦ ቤታችን የገባው ዳቦ ሊገዛ አልነበረም። በፈረንሳይ አገር፣ በቡርጎኝ መንደሮች እየዞረ፣ ስለ ምግብ የሚነገሩ የቆዩ ፈሊጦችን በደብተሩ ይለቅም ነበር።

«ሙሴ ጎድሪ፣ የቄሱ ስብከት ሲበዛ ለምን ‹ዳቦ እንደሌለበት ቀን ረዘመ› ትላላችሁ?» ብሎ አባቴን ጠየቀው።

«አንተ ርቦህ አያውቅማ» አለ አባቴ። «በጦርነቱ ጊዜ ዳቦ ያጣን ቀን ፀሐይዋ አልጠልቅ ትለን ነበር።»

ሉሲየን ጽፎ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ፊቴ ቀላ።

ያን በጋ በየቀኑ መጣ።

«ዛሬስ የትኛው ፈሊጥ ጎደለህ?» እለዋለሁ።

«ፈሊጡስ ሞልቷል።»

«ታዲያ ምን ጎደለህ?»

ደብተሩን አጥፎ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ያቺን አስተያየቱን እንዴት እወዳት ነበር! መንደሩም «እንደ ዳቦ ደግ ነው» ይለው ጀመር፤ እኛ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለም።

በመስከረም ልዮን ከተማ ሥራ አገኘና እሑድ ለምሳ መጥቶ ለትዳር ሊጠይቀኝ ወሰነ። አባቴ ለእንግዳ ክብር ብሎ ዳቦውን ወደ ማዕድ እንዲያመጣ ሰጠው። ሉሲየን እኔን እኔን እያየ ዳቦውን ገልብጦ አስቀመጠው።

ድሮ ጋጋሪዎች ሌላ ሰው እንዳይነካው ገልብጠው የሚያኖሩት በመንግሥት ትእዛዝ የሰው አንገት የሚቆርጠውን ሰው ዳቦ ነበር፤ ስለዚህ የተገለበጠ ዳቦ መጥፎ ዕድል ያመጣል ይባላል። ይህንን ከአባቴ አፍ ሰምቶ የጻፈው ራሱ ሉሲየን ነው። እናቴ ቶሎ ብላ አቃናችውና በቢላ ጫፍ የመስቀል ምልክት አደረገችበት። ለእሷ ነገሩ እዚያው አለቀ።

አባቴ ግን ተነሣ። «በጋጋሪ ቤት ዳቦ የሚገለብጥ ሰው ልጄን አያገኛትም» አለ።

ሉሲየን ወደ እኔ ዞረ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ይበቃው ነበር። እኔ ሳህኔን አየሁ። ሰኞ ጠዋት ብቻውን አውቶቡስ ተሳፈረ።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። አባቴ ታሞ አልጋ ላይ ሆኖ እጄን ያዘ።

«ኦዲል፣ ያኔ ዳቦውን ሰበብ አድርጌው ነው። ወደ ልዮን ይዞሽ እንዳይሄድ ፈርቼ።»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«መቼ ዐወቅሽ?»

«እዚያው ማዕዱ ላይ።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ፣ ቤቴን ትቼ ልዮን መሄድን እኔም ፈርቼ እንደነበር እነግረው ነበር። ሉሲየንን ግን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።