ከማርያም ትከሻ በላይ ያለችው መንገድ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሣ ተነሥተው ከሚሄዱት ወገን ነኝ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ሥዕል እየሣልኩ ስኖር ስንቱ «ሥዕሉ ዐይኑን ጨፈነ» ብሎኝ ስቄበታለሁ፣ ይሄን ግን በገዛ እጄ ስለሠራሁት ነው የምነግራችሁ፣ እመኑኝ።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ጉና ሥር ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ዝናብ ያበላሸባትን የማርያም ሥዕል እንዳድስ ተጠራሁ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋለች፣ ከጀርባዋ ራሱ ጉና ከነገብስ ማሳው ተሥሏል፣ ከትከሻዋ በላይ አንዲት ቀጭን መንገድ ትጠማዘዛለች። መሪጌታው «ተራራው እሷ ናት፣ መንገዱ እኛ ነን፤ እሱን እንዳትነካብን» አሉኝ። እሺ አልኩ። መንገዱ ግን ግማሹ ተልጦ ነበር፣ እውነቱን ልናገርና፣ ሰነፍኩ፣ ግራጫ ቀለም በጥብጬ ጭጋግ አለበስኩት።

ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ረፋዱ ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። የባለቤቴ የየሺ ታናሽ ወንድም ይርጋ ነው፤ የሺ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ጉና እናቷ ቤት ነበረች፣ ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ወደ ሐኪም ቤት እያወረዷት ነው።

«ጋሼ፣ ጭጋግ መንገዱን ዋጠብን! አሁን እኮ ፀሐይ ነበር፣ እግራችንን እንኳ አናይም፣ እሷ ደግሞ ደም እየፈሰሳት ነው!»

ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁት፣ ያለበስኩት ጭጋግ መንገዱን ውጦታል። ሞኝነት ነው አልኩ ለራሴ፣ እጄ ግን ቢላዋ አንሥቶ ጭጋጉን መፋቅ ጀመረ።

«ጋሼ፣ ከላያችን የሚፋቅ ነገር ይሰማል፣ ምንድን ነው?»

ቢላዋዬን አቆምኩ።

«አሁን ተወ» አለ ይርጋ።

ከዚያ እንደ እብድ ፋቅሁት። «ተከፈተ! መንገዱ ታየን!» ሲል ሰማሁት፣ በችኮላዬ የመጨረሻዋ ኩርባ ላይ ቢላዋው አመለጠኝና ሸራው ተቀደደ፣ ስልኩም ጸጥ አለ።

የሺ በሰላም ሴት ልጅ ወለደች። ይርጋ ግን የለም። ቃሬዛውን የተሸከሙት ሰዎች «ከኋላችን ነበር፣ ኩርባዋን ስንዞር ድምፁ ጠፋ» ይላሉ፣ አገሩ ሁሉ ጉናን ሲያስስ ከረመ፣ ጫማው እንኳ አልተገኘም።

ያደረግሁትን ለየሺ ነግሬያታለሁ። አላለቀሰችም፣ «መንገዱን መልሰህ ሣልለት» ብቻ አለችኝ፣ አሁንም በየቀኑ ትለኛለች። ሸራውን ሰፍቼዋለሁ። ብሩሹን ግን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ፣ ኩርባዋ ወደ ማሳው ነበር የምትዞረው ወይስ ወደ ገደሉ፣ ማርያምን፣ አላስታውስም።