የረጋው ዘይት

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ የመቅደስ ስልክ ጮኸ። ኦስሎ ገና አልነጋላትም። የደወለችው አክስቷ እታገኘሁ ነበረች።

«መቅዲ፣ ቶሎ ነይ። አይዳ አልነቃ አለችኝ።»

መቅደስ ፒጃማዋ ላይ ካፖርት ደርባ ወጣች። በከተማው ባቡር፣ በቴባነው፣ የእህቷ የአይዳ ቤት እስካለበት እስከ ትሮስተሩድ ድረስ ቀኝ እጇን ከኪሷ አላወጣችም። ትናንት ማታ ለእህቷ መድኃኒት የሰጠችበት እጅ ነው። «ጨምሪልኝ፣ ዛሬ ምንም አልሠራም» ስትላት ሐኪም ካዘዘው እጥፍ አድርጋ ሰጥታታለች።

ከብሎኩ በር ላይ አምቡላንስ ቆሟል። የጣሪያው መብራት ጠፍቷል፤ የሚጣደፍ ሰው የለም። መቅደስ የሆነውን ከዚያ መብራት አወቀች። ደረጃውን ግድግዳ እየደገፈች ወጣች።

አይዳ በጀርባዋ እንደተኛች ቀርታለች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነበር። ከንፈሯ ጠቁሯል። ከወገቧ ሥር የሙቅ ውሃ ጎማዋ አለ፤ መቅደስ ከአሮጌ አንሶላ የሰፋችለትን ነጭ ልብስ እንደለበሰ። ውሃው ቀዝቅዟል።

እታገኘሁ ደረቷን ትደቃለች። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለቱን ያሳደገቻቸው እሷ ናት። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሕሙማንን ትረዳለች፤ በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የጸሎት ቡድን ትመራለች። መቅደስን ስታይ እንደ ማቀፍ ብላ በጆሮዋ ጠየቀቻት።

«ማታ ምን ያህል ነው የሰጠሻት?»

«እጥፍ…»

«ዝም በይ። ለማንም እንዳትናገሪ። እኔ እሸፍንልሻለሁ።»

የተባለው ለማጽናናት ነበር። መቅደስን ግን ከአልጋው ላይ ካለው ይልቅ ያ ቃል አስፈራት።

አይዳ ከልጅነቷ ጀምሮ በወር በወር ወለል ላይ የምትጠቀለል ልጅ ነበረች። «የሴት ወግ ነው፣ ሁላችንንም ያመናል» ሲሏት ኖራ፣ ሐኪሞቹ ስሙን ያገኙት ዘግይተው ነው፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ። የማህፀን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል፤ አንጀትና ወገብ ላይ ይጣበቃል። ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆነች። ሆርሞን ወሰደች። በመጨረሻ አንዲት ስፔሻሊስት ከካናቢስ የሚሠራ ዘይት በልዩ ፈቃድ አዘዘችላት። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን ሰው አደረጋት። ሥራ መቅረት አቆመች፤ ከፊሊሞን ጋር ቀለበት አሰረች። በቤተ ክርስቲያን ኮሪደር ግን የሚባለው ሌላ ነበር፤ «የሟቹ የግዛው ልጅ ሀሺሽ ጀመረች አሉ።»

የፖሊስ መርማሪዋ የደረሰችው ቀትር ሳይሆን ነው። አጭር ሴት ናት፤ በሩ ላይ የጫማ መሸፈኛዋን እያጠለቀች በአማርኛ «ነፍስ ይማር» ስትል ሁሉም ቀና አሉ። ስሟ ኡምኩልሱም ይባላል።

«ወሎዬ ነሽ ልጄ?» አለች እታገኘሁ እንባዋን እየጠረገች።

«አባቴ የደሴ ሰው ናቸው። እኔ እዚሁ የጋምለ ኦስሎ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ አማርኛዬን ይታገሱኝ።»

መኝታ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ የውሃ ጎማውን በፕላስቲክ ከረጢት ይዛለች። ወጥ ቤት ገብታ ፍሪጁን ከፈተችና በሩ ላይ ጎን ለጎን የቆሙትን ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች ዝቅ ብላ አየች። አንዱ ያልተከፈተ ነው፤ ዘይቱ ኩልል ብሎ ይታያል። የተከፈተው ግን ነጥቶ እንደ ቅቤ ረግቷል።

«የወጥ ቤት ዘይት አላችሁ? የወይራ?»

መቅደስ ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ሰጠቻት። ኡምኩልሱም በብርጭቆ ጥቂት ቀድታ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠችና ዘጋችው።

ኦከርን ካለው የግንባታ ሥራ ቦታው ቢጫ ሰደርያውን ሳያወልቅ የመጣው ፊሊሞን በቀላ ዓይኑ አፈጠጠባት። «ሰው ሞቷል፤ አንቺ ሰላጣ ልትሠሪ ነው?»

«ኔይ፣ አይደለም። እዚሁ ይቆይልኝ። ቤቱ እስክመለስ ይታሸጋል።»

ከዚያ አንድ በአንድ ወጥ ቤት እያስገባች ጠየቀቻቸው። መጀመሪያ እታገኘሁን።

«ሀሺሹ ነው የገደላት» አለች እታገኘሁ። «ስንት ጊዜ ለመንኳት! እጄን ጭኜ ጸልያለሁ፣ ቅባት ቀብቻታለሁ። ልጆቹ አይሰሙም።»

«ትናንት መጥተው ነበር?»

«ወደ ማታ፣ ከሥራ ስወጣ። አሟት ነበር። ጸልዬላት ሄድኩ። ዛሬ ጠዋት በቁልፌ ከፍቼ ስገባ እንዲህ ሆና አገኘኋት።»

«ሲያገኟት ነክተዋት ነበር?»

«ልቧን ሰማሁ። ሌላ ምን እነካለሁ?»

ቀጥሎ ፊሊሞን ገባ። ወንበሩን ገለበጠው፣ መልሶ አነሳው።

«አዎ፣ ተጣልተናል። ያ የፈረደበት ዘይት! እናቴ ‹ሀሺሻም ልታገባ ነው› እያለች ታለቅሳለች። እኔ ምን ላድርግ? ግን አይዳ ሲያማት አይቼ አውቃለሁ፤ ጥርሷን ስትነክስ። ‹ጣይው› አላልኳትም፤ ‹ደብቂው› ነው ያልኳት።»

«ለመጨረሻ ጊዜ ያወራችሁት መቼ ነው?»

«ትናንት፣ በስልክ። እየሳቀች ነበር። እሑድ በጉባኤው ፊት ምስክርነት ትሰጣለች ተብሎ ፕሮግራም መያዙን ከመዘምራኑ ሰማች። ‹ምን ብዬ ልመስክር? መድኃኒት የሚሸጥልኝ አፖቴኩ ይባረክ ልበል?› አለችኝ። ወዲያው አመማትና ዘጋችው።»

ኡምኩልሱም እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ማን ነው ያስያዘላት?»

«እኔ እንጃ።»

የመጨረሻዋ መቅደስ ናት። ካፖርቷን አላወለቀችም፤ ቤቱ ግን ሞቃት ነው። ‹እኔ እሸፍንልሻለሁ› የሚለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣም። ከተናገረች እስር ቤት ነው፤ ዝም ካለች ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የእህቷ ገዳይ ሆና፣ የአክስቷ ባለ ዕዳ ሆና መኖር ነው።

«እጥፍ ሰጠኋት» አለች በድንገት። «እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ኡምኩልሱም አልደነገጠችም። «እንዴት እንደሰጠሻት አሳይኝ።»

«ጠርሙሱን በእጄ ጨብጬ አሞቅሁት፤ ከዚያ በመድኃኒት መለኪያው ስቤ…»

«ለምን አሞቅሽው?»

«ረግቶ ነበራ። አልሳብ አለ።»

«ድሮም ይረጋ ነበር?»

መቅደስ አሰበች። «ኔይ… ይሄ ብቻ ነው። ብርዱ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ፍሪጅ ውስጥ ክረምት የለም» አለች ኡምኩልሱም። «ከዚያስ?»

«ውሃ አፍልቼ ጎማውን ሞላሁላት። ሁልጊዜ ሆዷ ላይ ነበር የምታደርገው፤ ትናንት ‹ወገቤን ነው› አለችና ራሷ ከፒጃማዋ ሥር አስገባችው። እንቅልፍ እንቅልፍ ሲላት ሄድኩ። ዘይቱ የሠራላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር የሄድኩት።»

«የነገርሽኝን ለሌላ ሰው ነግረሻል?»

«ለእትዬ ብቻ።»

«ምን አለችሽ?»

መቅደስ መሬት መሬት እያየች ነገረቻት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ለመቅደስ ቀን አልነበሩም። ለቅሶው በእታገኘሁ ቤት ተቀመጠ። ሴቶቹ ሻይ ይዘው ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ‹ትንሿ ናት አሉ የሰጠቻት› የሚለው ግን ጆሮዋ ገባ። በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዷት የመጡ ይመስላታል። እታገኘሁ ደግሞ ከጎኗ አትለይም፤ ታጎርሳታለች፣ ፀጉሯን ትዳብሳለች፣ «አይዞሽ፣ ጌታ ይቅር ይላል» ትላታለች። መቅደስ ይቅርታውን በሰማች ቁጥር ጥፋቷ ይበልጥ እውነት ይሆንባታል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኡምኩልሱም ሦስቱንም ትሮስተሩድ ጠራቻቸው። የታሸገው ቤት ተከፈተ። የአይዳ ሻርፕ አሁንም ወንበሩ ላይ ነው። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። መቅደስ ያን ፖሊስ ስታይ ካቴናው ለእሷ እንደሆነ አልተጠራጠረችም።

ኡምኩልሱም ከፍሪጅ ብርጭቆውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የወይራ ዘይቱ ነጥቶ ረግቷል። አጠገቡ ያልተከፈተውን ጠርሙስ አቆመች፤ ኩልል ያለ ነው።

«የአይዳ መድኃኒት የተሠራው በብርድ በማይረጋ ዘይት ነው። እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ቆይቶ ይኸው አልረጋም። የተከፈተው ግን ረጋ። እኔ የገመትኩትን ላቦራቶሪው አረጋገጠው፤ ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ተራ የወይራ ዘይት ነው። መድኃኒቱን አንድ ሰው ደፍቶታል።» ወደ መቅደስ ዞረች። «እጥፍ የሰጠሻት የሰላጣ ዘይት ነው። መድኃኒቱ ቢሆን ኖሮ እንኳ ያ መጠን ያፈዛታል እንጂ አይገድላትም።»

መቅደስ አፏን በመዳፏ ያዘች። እፎይታ አልመጣላትም። ‹እና ማን?› የሚለው ፍርሃት ቀደመው።

«እኔ አይደለሁም!» አለ ፊሊሞን ብድግ ብሎ።

«ተቀመጥ። አንተ ብትሆን ጠርሙሱን ትወረውረው ነበር እንጂ በወይራ ዘይት አትሞላውም። የሞላው ሰው አይዳ ሳታውቅ እንድትጠጣው ፈልጓል። ለምን? እሑድ ምስክርነት ተይዞላታል። ልጅቱ ራሷ ስለምን እንደምትመሰክር አታውቅም። የሚያውቀው፣ መድኃኒቱን እንዳቆመች የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ‹ልጄ፣ ስትጠጪ የሰነበትሽው የተጸለየበት ዘይት ነው፤ ተፈውሰሻል› ሊላት የተዘጋጀ ሰው። መዘምራኑን ጠየቅኋቸው። ያስያዙት እርስዎ ነዎት፣ ወይዘሮ እታገኘሁ።»

እታገኘሁ ቀና ብላ አየቻት። «ለልጄ መጸለዬ ወንጀል ነው? ደግሞ የወይራ ዘይት ሰው አይገድልም፤ ራስሽ አልሽው።»

«አይገድልም። ግን ዓርብ ዕለት ሕመሙ ተመልሶ መጣ፤ የሚይዘው መድኃኒት አልነበረም። እሑድ ደግሞ ደረሰ።» ኡምኩልሱም ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የአይዳ ወገብ ላይ አራት ማዕዘን የሙጫ ምልክት ነበር። ፕላስተር ተለጥፎ ተነሥቷል። ደሟ ውስጥ የተገኘው ፈንታኒል ነው፤ በካንሰር ለሚሠቃዩ ሽማግሌዎች በፕላስተር የሚሰጥ ብርቱ ማስታገሻ። ላልለመደው ሰው አደገኛ ነው። ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ለቀናት የታሰበውን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። አይዳ ፕላስተሩ ላይ የፈላ ውሃ ጎማ አድርጋ ተኛችበት።»

መቅደስ ጮኸች። «ውሃውን የሞላሁት እኔ ነኝ!»

«አዎ፣ ሁልጊዜ እንደምትሞዪው። ከፒጃማው ሥር ምን እንዳለ ግን አንቺ አታውቂም፤ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር።»

«መጦሪያ ቤት ስለምሠራ ነው?» አለች እታገኘሁ። «በዚህ ከተማ ስንቱ ሐበሻ ነው ሽማግሌ የሚያጥበው!»

ኡምኩልሱም የውሃ ጎማውን ነጭ ልብስ ከከረጢቱ ሳታወጣ ዘረጋችው። መሃሉ ላይ ደብዛዛ ሰማያዊ ቀለም አለ። መቅደስ ቅዳሜ አይታው ነበር፤ ቆሻሻ መስሏታል። መርማሪዋ ከቦርሳዋ ትንሽ መስተዋት አውጥታ ፊት ለፊቱ ያዘች። በመስተዋቱ ውስጥ ቀለሙ ተገልብጦ ቁጥር ሆነ፤ 24/1። የዓርብ ቀን ነው፣ በፈረንጆቹ።

«ፕላስተር ለሕመምተኛ የሚለጥፍ ሰው፣ የሚቀይረው ባልደረባ እንዲያውቅ ቀኑን ከላዩ ይጽፍበታል። ፊሊሞን አይጽፍም፤ ግንበኛ ነው። መቅደስ አትጽፍም፤ ተማሪ ናት። እርስዎ ግን ለዓመታት በየአልጋው ሲጽፉ ኖረዋል። እጅዎ ሳያስቡት ጻፈ። ሙቀቱና ላቡ ቀለሙን ወደ ጨርቁ አሳለፈው። ጠዋት ፕላስተሩን ነቀሉት፤ ቀኑ ግን ከሥር ቀረ። የመጦሪያው ኃላፊም ነግራኛለች፤ ባለፈው ወር የሞቱ የአንድ አዛውንት ፕላስተር ሊወገድ ተቆጥሮ ጎድሏል።»

ከታች ቴባነው ሲያልፍ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

«የሚያሞቅ ነው አልኳት» አለች እታገኘሁ በመጨረሻ። ድምጿ የሌላ ሰው ነበር። «ስትጮህ መስማት አቃተኝ። እሑድ ቆማ እንድትታይ ብቻ ነበር። ጌታ እንደሚፈውሳት አምኜ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አምኜ ነበር።»

«ካመኑ ፕላስተሩን ለምን ለጠፉላት?»

እታገኘሁ ወደ መቅደስ እጇን ዘረጋች። «መቅዲ… አንቺን አሳልፌ አልሰጥም ነበር። እሸፍንልሽ ነበር።»

መቅደስ ያን እጅ አየችው። ያጎረሳት፣ ፀጉሯን የሠራት፣ ሰሞኑን ሙሉ «አይዞሽ» ያላት እጅ ነው። ልትይዘው ፈለገች። ፈራችው። ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

«የምትሸፍኚው ራስሽን ነበር፣ እትዬ» አለች።

ፍርድ ቤቱ በኦስሎ በጋ እታገኘሁን በቸልተኝነት ሕይወት በማጥፋትና ማስረጃ በማሸሽ ፈረደባት። ፊሊሞን ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ቀረ። መቅደስ አልቀረችም፤ የእህቷን በሽታ ስም ጠይቀው ለማያውቁ ሴቶች በኮሪደሩ ድምፅዋን ሳትቀንስ ትነግራቸዋለች። አክስቷን እስር ቤት የጠየቀቻት አንድ ጊዜ ነው።

በኅዳር ፖሊስ ያልተከፈተውን ጠርሙስ መለሰላት። ለአፖቴኩ ልታስረክበው ይዛው በእግሯ ሄደች። በረዶ ይጥል ነበር። ዘይቱ አልረጋም።