ትራስ ውስጥ የተገኘው ቅጠል

ፍንጭት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከፊት ጥርሶቿ መሃል ክፍተት ስላለ ነው እንዲህ የሚሏት፤ እሷም ስሙን ትወደዋለች። የምትኖረው ከእናቷና ከአያቷ ጋር ነው። የቤታቸው የፊት ክፍል የእናቷ የስፌት ቤት ነው፤ ከጓሮ ደግሞ ትንሽ ግቢ አለ። እናቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ አትጥልም። ከአንድ ጨርቅ ሻጭ ከምትገዛው ቁርጥራጭ ጋር በትልቅ ጆንያ ታጠራቅምና ትራስ እየሞላችበት ትሸጣለች። ልጆች፣ ይህን ጆንያ እንዳትረሱት፤ ኋላ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው።

ግቢው ውስጥ አንድ ኤሊ አለ። ጀርባው የወታደር ቆብ ስለሚመስል ጄኔራል ይሉታል። ያሳደጉት አያቷ ናቸው፤ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ጄኔራል ከፍንጭት እናት በዕድሜ ይበልጣል። ስለዚህ እናቷ አበባዋን ሲበላባት፣ «ታላቄ ባትሆን ኖሮ አሳይህ ነበር» ትለዋለች።

አንድ ቀን አያቷ ዓይናቸውን ለመታከም ለሁለት ወር ወደ ሌላ ከተማ ሊሄዱ ሆነ።

«ጄኔራልን ለማን ልተወው?» አሉ።

ፍንጭት ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ እንዳለች ሁሉ እጇን አወጣች። «ለእኔ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ስሚኝ። ምግቡ ሣርና ቅጠል ነው። ዛሬ የዱባ ቅጠል ከሰጠሽው ነገ ሌላ ትለውጪለታለሽ። የእንቁላል ቅርፊት ፈጭተሽ ነስንሺበት፣ ለጀርባው ጥንካሬ ነው። ንጹሕ ውሃ አይጣ። ፀሐይ ይሙቅ። ፍራፍሬ አልፎ አልፎ ብቻ፣ ያውም የአውራ ጣትሽን የምታህል ቁራጭ። አደራ።»

«እሺ አባባ» አለች፣ ደረቷን ነፍታ።

የመጀመሪያውን ሳምንት እንደታዘዘችው አደረገች። በሁለተኛው ሳምንት የሰፈር ልጆች መጡ። ጄኔራል ጥግ ላይ ተኝቷል። «ይሄ እኮ ድንጋይ ነው» ብለው ሳቁ። ፍንጭት ተናደደች። ቤት ገብታ ሙዝ አመጣችና ጠራችው። ኤሊ ይሮጣል ወይ ብትሉኝ፣ ሙዝ ሲያይ ይሞክራል እላችኋለሁ። ጄኔራል እየተንገዳገደ መጣ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ፍንጭት ሰማይ የነካች መሰላት።

በማግስቱም ሙዝ። ከዚያ ብስኩት። ከዚያ ሐብሐብ። ልጆቹ በየቀኑ ይመጣሉ፣ በየቀኑ ያጨበጭባሉ።

ጄኔራል ግን ቅጠል ስታቀርብለት ፊቱን ያዞር ጀመር። ጣፋጭ የለመደ አፍ መቼ ቅጠል ይላል? እናቷ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሆና፣ «ቅጠሉን በላ?» ስትላት፣ «በላ፣ እማዬ» ትላለች። አልበላም ነበር። የተረፈው ቅጠል እንዳይታይባት የት ደበቀችው መሰላችሁ? አዎ፣ ጆንያው ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር።

ወር ገደማ እንዲህ ሄደ። አንድ ጠዋት ጄኔራል ሙዙንም እንቢ አለ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሆዱን አሞት ተኝቷል። በዚያው ጠዋት የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ከእናቷ የገዛውን ትራስ በብብቱ ይዞ መጣ።

«እህቴ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንገቴን በሳሙና ሳሽ ከረምኩ» አላት እናቷን። «ለካ የሚሸተው እኔ አይደለሁም።»

እናቷ የትራሱን ስፌት ፈታችው። የበሰበሰ የዱባ ቅጠል ዝርግፍ አለ። ከእጇ ወጥቶ የተመለሰባት ዕቃ ኖሮ አያውቅም። ፊቷ በሐፍረት ቀላ።

«ጨርቁን ያመጣልኝ ሰውዬ ነው» አለች። «ቆሻሻ ቀላቅሎብኝ ነው። ሁለተኛ ከእሱ አልወስድም።»

ልጆች፣ እዚህ ላይ ፍንጭት ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ፈተናው ይሄ ነው። በበሩ በኩል ጄኔራልን አየችው። ምን እንደበላ ካልተነገረለት ማን ያድነዋል? ደግሞስ ያ ምስኪን ጨርቅ ሻጭ ምን አደረገ?

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ሙዙን፣ ጭብጨባውን፣ ውሸቱን። እያለቀሰች።

እናቷ መቀሷን አስቀመጠች። «ትራሱን እኔ እሰፋዋለሁ። ጄኔራልን ግን ማን ይሰፋዋል?» አለችና ኤሊውን በቅርጫት ይዛ ከልጇ ጋር ወደ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ሮጠች።

ሐኪሟ የጀርባውን ጠርዝ በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። «መላላት ጀምሯል። ምን ነበር የሚበላው?»

ፍንጭት ራሷ መለሰች፣ ምንም ሳታስቀር።

«እንኳን ነገርሽኝ» አለች ሐኪሟ። «አሁን የማደርገውን አወቅሁ። መድኃኒት እሰጠዋለሁ፤ ወደ ቅጠሉ የምትመልሺው ግን አንቺ ነሽ። ደክመሽ፣ በትዕግሥት።»

ፍንጭት ቤት ስትደርስ ከኤሊው አጠገብ ተንበረከከች። «እግዚአብሔር ሆይ፣ ፍጥረትህን ለጭብጨባ ብዬ አሳመምኩት። ይቅር በለኝ» አለች። ከዚያ ጆንያውን ገልብጣ ጨርቁን አንድ በአንድ ለየች፤ የፀጉር አስተካካዩንም ትራስ በንጹሕ ጨርቅ ሞላች።

በየጠዋቱ የተለያየ ቅጠል ትለቅማለች፣ ታጥባለች፣ ትከትፋለች፣ የእንቁላል ቅርፊት ትነሰንስበታለች። አንድ ቀን፣ እንቢ። ሦስት ቀን፣ እንቢ። ልጆቹ መጥተው «ጥሪውና ይሩጥ» ሲሏት፣ «ዛሬ ሥራ አለው፣ እየዳነ ነው» አለቻቸው። በዘጠነኛው ቀን ጄኔራል አንገቱን አወጣ፣ ቅጠሏን አሸተተ፣ ገመጠ። ማንም አላጨበጨበም። ፍንጭት ግን እንደዚያን ቀን ኮርታ አታውቅም።

አያቷ ድነው ሲመለሱ ገና ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ጥፋቷን ነገረቻቸው። ጎንበስ ብለው የጄኔራልን ጀርባ ዳሰሱ። ፍንጭት ኤሊውን የሚነጥቋት መስሏት ከንፈሯን ነከሰች።

«አርባ ዓመት ሰዓት ጠግኛለሁ» አሉ። «የሰበረው ሁሉ ‹በራሱ ቆመብኝ› ነው የሚለኝ። ‹እኔ ጣልኩት› ያለኝ አንድ ሰው አልገጠመኝም። አንቺ ግን አልሽ። ቆመሽም ጠገንሽው።» ከዚያ ኤሊውን አንስተው እቅፏ ላይ አኖሩላት። «እሱ ከእኔ በኋላም ብዙ ይኖራል። ለማን እንደምተወው ሳስብ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው፣ የኔ ኩራት።»

ልጆች፣ የምንወደውን ፍጡር ደስ የሚለውን ብቻ ሳይሆን የሚበጀውን እንመግበው፤ ስናጠፋም ደፍረን እውነቱን እንናገር።