የሳሳው ቆዳ

ልጄ አልጋዋ ሥር ወድቃ ሞታ የተገኘች ዕለት፣ ፖሊሶቹ ጎረቤቱን ሳይቀር ሲጠይቁ እኔን «እማማን አታድክሟቸው» ብለው ጥግ አስቀመጡኝ። ደከመኝ ያላቸው ማን ነው? ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ዓይን አለኝ።

ክንዷ በልዞ ስላየ ሰው ሁሉ ባሏን ጠረጠረ። መርማሪዋ ብቻ የሬሳውን እጅ በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ቆዳውን ልብ ብላ አየች። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ልጄ ምን እንደምትቀባ ጠየቀችኝ። እኔም አሁን ኮረዳ የሆነችው የልጅ ልጄ ጡት ሳትጥል ጀምሮ እናቷ መልክ የሚያፈካ ቅባት እንደምትቀባ፣ እሱንም የውበት ሳሎን ያላት ጓደኛዋ እየደባለቀች እንደምትሰጣት ነገርኳት። ሰሞኑን ፊቷ ደም መስሎ እንደነበር፣ ያስመልሳትና ራሷን ያዞራት እንደነበርም አልደበቅኳትም።

በማግስቱ ሁላችንንም እዚያው ቤት ሰበሰበችን።

«ባልየው አልመታትም» አለች። «ቆዳ አሮጌውን እየጣለ አዲስ ያወጣል። ቅባቱ ውስጥ የተጨመረው ብርቱ መድኃኒት ግን አዲሱ እንዳይወጣ ያግደዋል። ቆዳዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ገና ሲይዟት ይበልዝ ነበር።»

ጓደኛዋ ከንፈሯን ነከሰች። «ታዲያ ቅባቴ ገደላት ሊሉ ነው? ስንቱ ሴት እየተቀባው አይደል?»

«የገደላት የቅባቱ መቅረት ነው። መድኃኒቱ በቆዳዋ ሰርጎ ሲገባ ስለኖረ፣ ሰውነቷ ራሱ ይሠራው የነበረውን፣ ለመኖር ግድ የሆነውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር መሥራት ተወ። በድንገት ሲቋረጥባት ባዶዋን ቀረች። እርስዎ የውበት ሳሎን ጓዳ ያገኘሁት ቅባት ቢጫ ነው፤ የመድኃኒቱ ባዶ ቱቦዎችም አጠገቡ ነበሩ። የሟቿ ብልቃጥ ውስጥ ያለው ግን ነጭ ቫዝሊን ነው። ማን ቀየረው?»

የልጅ ልጄ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ። ቅባቱ ቆዳ ይበላል ሲሉ ሰምቼ… እናቴን ተዪው ብዬ ብለምናት እምቢ አለችኝ። ላድናት ብዬ ነው፣ እማማ።»

ያኔ የልጄ ባልም ሐኪም ቤት ውሰደኝ ብላ ስትለምነው ነገ እንዳላት ተናገረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ጠፋ።

ጓደኛዋ ቀስ ብላ ቦርሳዋን አነሳች። ተነሥቼ በሩን ዘጋሁባት።

«ወዴት ነው? ይቺ ልጅ ሳታውቅ አጠፋች፤ አንቺ እያወቅሽ ደበቅሽ። መርማሪዋ ይዛሽ ከመሄዷ በፊት፣ ከዚህ ቅባት የሰጠሻቸውን ሴቶች ደጅ እያንኳኳሽ ውስጡ ምን እንዳለ በገዛ አፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ሐኪም ሳያዩ በድንገት እንዳያቆሙትም ንገሪያቸው። እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ። ቅደሚ።»