የእሑዱ ልኬት

በ1998 ዓ.ም. ወይዘሮ ጥሩነሽ አረካ ቤታቸው ሲሞቱ፣ ጡታቸው በካንሰር ምክንያት ሶዶ ሆስፒታል ውስጥ ከተነሳ ገና አሥራ ሁለት ቀኑ ነበር። ከቆዳቸው ሥር የተጠራቀመው ውሃ አመርቅዞ ገደላቸው። ባለቤታቸው አቶ ኤርሳዶ «የውሃውን ልኬት በሐሰት ጽፋ ገደለችብኝ» ብለው ነርሷን ሲስተር ሩትን ከሰሱ፤ ታሰረች።

ምርመራው ለኢንስፔክተር አስካለች ተሰጠ። አስካለች ከሰው ፊት ይልቅ ወረቀት የምታምን ሴት ናት፤ ክፉ ልማድ ነው፣ ግን ይጠቅማል።

ሐኪሙን ዶክተር ዓምደሚካኤልን ጠየቀችው።

«ጡት ሲነሳ ባዶ ቦታ ይቀርና ውሃ ይቋጥራል» አላት። «ቆዳውን ከሥሩ ካለው ጡንቻ ጋር በትናንሽ ስፌት ብናያይዘው ይቀንስ ነበር። ያን ቀን ክር አልበቃንም።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ውሃውን ወደ ጠርሙስ የሚያወጣ ቱቦ አስገባሁ። በቀን የሚወጣው ሁለት ቀን በተከታታይ ከሠላሳ ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ይነቀላል። ረቡዕ ነቀልኩት።»

ሩት ደግሞ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጠርሙሱ ውስጥ ያገኘሁትን ነው የጻፍኩት» ከማለት ሌላ ቃል የላትም።

ሩት የሞላችው የልኬት ወረቀት ቅዳሜ ሃያ፣ እሑድ መቶ ሃምሳ፣ ሰኞ ሃያ፣ ማክሰኞ አሥራ አምስት ይላል። አስካለች እሑድ ላይ ደጋግማ ተመለሰች።

በማግስቱ ሩትን ከእስር አስመጥታ ሁሉንም ለቅሶ ቤት ሰበሰበች።

«ሩት ብትዋሽ እሑድን ለምን መቶ ሃምሳ ትላለች?» አለች። «ከእሷ በፊት ጠርሙሱን የሚደፋ ሰው ነበር፤ እሑድ ግን አልደፋም። ቱቦው ያለጊዜው የተነቀለው ስለዚህ ነው። አቶ ኤርሳዶ፣ የቤተ ክርስቲያን ጠያቂዎች በስንት ሰዓት ይመጡ ነበር?»

«ሥራ ሳይገቡ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለጸሎት። እሑድ ጠዋት አምልኮ ስላለ ከሰዓት ነው የመጡት።»

«እንግዲህ እንግዳ እንዳያየው ነው የተደፋው። ያስታመመችው ደግሞ አንድ ሰው ናት።»

ሁሉም ወደ ልጃቸው ወደ መሲ ዞሩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት አስካለች አፍ ላይ መጣ፤ ሐዘን ቤት ነውና ዋጠችው።

«እማዬ ናት» አለች መሲ። «‹ሰው ሳይመጣ ድፊልኝ፣ አፍራለሁ› አለችኝ። እንደሚለካ አላወቅሁም።»

«አልነገርኳትም» አለች ሩት በዝግታ። «ለአስታማሚ ማን ይነግራል?»

አቶ ኤርሳዶ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

«ጠያቂዎቹን በየጠዋቱ የጠራሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሩትን ልቀቋት። ልጄን ግን ምን ብዬ ላጽናናት?»

አስካለች ከመሲ ጎን ተቀምጣ አብራት አለቀሰች።