በአሳው ሆድ የተገኘው ማተብ

ይህ ነገር በእውነት የሆነ ነው። አላምንም የምትሉ መብታችሁ ነው፤ እኔም የሰው ወሬ ቢሆን ኖሮ አላምንም ነበር። ግን ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ?

በዚህ ዓመት ግንቦት ውስጥ ነው። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለች አንዲት የአሳ ምርምር ቤት። ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ጭጋግ የለ... ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

እኔና ሥርጉት ባልደረቦች ነን። አሳ ነው የምናጠና። ያን ሰሞን ሐይቁ ውስጥ ማንም የማያውቀው አሳ ገብቶ ነበር። ቅርፊት የለውም፣ ግራጫ ነው፣ አፉ ሰፊ። አስጋሪዎቹ "መጤው" ይሉታል። የእኛ ሥራ ሆዱን ቀዶ የሚበላውን ማየት ነበር፤ የአገሬውን አሳ፣ የቀረሶን ጫጩት እየፈጀ እንደሆነ ለማወቅ።

ሥርጉት ግን ሌላም ነገር ትፈልግ ነበር። አፍ አውጥታ አትናገረውም እንጂ እኔ አውቅባታለሁ።

ታናሽ ወንድሟ ኪሩቤል ካቻምና ክረምት ጀልባ ተገልብጦበት እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም።

እናታቸው እትዬ ሸዋዬ "ሬሳ ሳላይ ልጄን አልቀብርም" አሉ። ለቅሶ አልተቀመጡም። ፍትሐት የለ፣ ተዝካር የለ። ይመጣል ብለው በር ሳይዘጉ ያድራሉ። እናቷ በቁማቸው ሲያልቁ እያየች የሥርጉት አንጀት ያርር ነበር። አንዲት የልብስ ቁራጭ እንኳ ብትገኝ... አልቅሰው ይወጣላቸው ነበር።

ያን ቀን የመጀመሪያውን አሳ ቀደደች። እጇ ቀጥ አለ።

"ግሩም..."

"ወይ?" አልኋት።

"ና እስኪ።"

ሆዱ ውስጥ ማተብ ነበር።

ጥቁር ክር፤ ሦስት ሆኖ የተገመደ። ቋጠሮው ላይ ነጭ ጥጥ ገብቶበታል።

"የእማዬ እጅ ነው" አለች በሹክሹክታ። "እንዲህ የምትገምድ እሷ ብቻ ናት። የኪሩ ነው።"

እግዜር ያጥናሽ ልላት ስል ዓይኔ ክሩ ላይ ዐረፈ።

ክሩ አልበሰበሰም። ትናንት የታሰረ ይመስላል።

ደግሞ የአሳን ዕድሜ ከጆሮው አጥንት እናነባለን፤ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት አለው። አየነው። አንድ ዓመት እንኳ አልሞላውም።

ከሁሉ የከፋው ግን ቋጠሮው ነው።

አልተፈታም። አልተበጠሰም። ድፍን ክብ ነው፤ ያውም ጠባብ፣ በሰው ጭንቅላት የማያልፍ።

"ታዲያ ካንገቱ እንዴት ወጣ?" አልኋት።

ማተቡን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ጋውኗን ሳታወልቅ፣ ባጃጅ ይዛ ወደ ፋሲሎ ሰፈር ወደ እናቷ ቤት በረረች።

ከዚህ ወዲያ ያለው ከራሷ አፍ የሰማሁት ነው።

ስትደርስ እትዬ ሸዋዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ይስቃሉ። ልጃቸው ከቀረ ወዲህ ጥርሳቸው ታይቶ አያውቅም።

"ቀስ በይ..." አሉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። "ተኝቷል።"

"ማን?"

"ወንድምሽ ነዋ! ይመጣል አላልሁሽም? ጠዋት እዚሁ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።"

ሥርጉት የእናቷን ክንድ ያዘች።

"እማዬ... ምን ሆነሻል?"

"እኔ ምን እሆናለሁ? የበረደው እሱ ነው እንጂ። ሁለት ጋቢ ደረብሁለት። ገላው ግን አልደርቅ አለኝ።"

ከጓዳው መጋረጃ ሥር ውኃ ወደ ሳሎን ይወጣል። ቀስ እያለ... የሐይቅ ሽታ አለው።

"ደግሞ አንገቱ ባዶ!" አሉ እናትየዋ በቁጭት። "የክርስቲያን ልጅ ያለ ማተብ ይተኛል? የራሴን ፈትቼ አሰርሁለት።"

ሥርጉት የእናቷን አንገት አየች። ከክርስትናቸው ጀምሮ ተለይቷቸው የማያውቀው ባለ መስቀሉ ነጭ ማተብ የለም።

ያን ጊዜ ስልኳ ጮኸ። የደወልሁት እኔ ነበርሁ።

"ሥርጉት... ሁለተኛውን አሳ ቀደድሁት።"

"እ?"

"ሌላ ማተብ አለ። ነጭ ነው... ትንሽ የእንጨት መስቀል አለው።"

የማን እንደሆነ ወዲያው አወቀች። ማተቡ ከአሳ ሆድ የወጣ ሰው የት እንደሚገኝም ታውቃለች፤ ሐይቁ ውስጥ። ተራው የእናቷ ነው።

የሥራ መቀሷ ኪሷ ውስጥ ነበር፤ ከሱ ጋር ያሰራቸው ክር ከተቆረጠ እናቷ ይተርፉ ይሆናል። መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ተኝቷል።

ጋቢው ከፍ ዝቅ አይልም። ትንፋሽ የለም...

አንገቱ ግን የኪሩቤል አንገት ነው። ልጅ ሳለ ወድቆ የተሰፋው ጠባሳ እንኳ አለ። ከጠባሳው በታች የእናቷ ነጭ ማተብ፤ እኔ ከአሳው ሆድ ያወጣሁት ያው ራሱ።

"ሥርጉትዬ..." አለ ሳይዞር። "እማዬን ጥሪልኝ። አብረን እንሂድ።"

ድምፁም የሱ ነው። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያሳደገችው ወንድሟ ነው፤ ናፍቋታል። ዞር በል ልይህ፣ አንዴ ልቀፍህ ልትለው ነበር...

ማተብ መቁረጥ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። አባቷ ደግሞ መሪጌታ ነበሩ።

ቆረጠችው።

ጋቢው ባዶውን ቁጭ አለ። ውኃ ከአልጋው ዥው ብሎ ወርዶ እግሯን አጥለቀለቀው። ሰው የለም።

በዚያችው ቅጽበት፣ እኔ ፊት ትሪው ላይ የነበረው ነጭ ማተብ ማንም ሳይነካው ለሁለት ተበጠሰ። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት ነው።

ከኋላዋ እናቷ ጮኹ።

"ገደልሽው! ውኃ ያልገደለውን ልጄን አንቺ ገደልሽው!"

ከዚያ ወዲህ አያናግሯትም። የነፍስ አባታቸው አዲስ ማተብ ቢያስሩላቸው "የኔ ልጄ ጋ ነው" ብለው በጥሰው ጣሉት። ቀን ቀን ሐይቅ ዳር ሄደው ይቀመጣሉ። ሥርጉትም ሥራዋን ትታ ነጠላቸውን ጨብጣ አጠገባቸው ትውላለች። ሌላ ምን ታድርግ? እናት ናቸው።

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ምሳ ይዤላቸው ሄድሁ።

ሥርጉት ድካም ጥሏት እንቅልፍ ወስዷታል። ነጠላው በእጇ ነው... እትዬ ሸዋዬ ግን ከነጠላው ወጥተዋል።

ውኃው ውስጥ ቆመዋል። እስከ ወገባቸው።

ሐይቁ ፀጥ ብሏል። ዙሪያቸውን ግራጫ ጭንቅላቶች ብቅ ብቅ ብለዋል። ዓይን እስከሚያይ ድረስ... ሰፊ አፋቸውን እኩል ይከፍታሉ፣ እኩል ይዘጋሉ።

እኔ ምንም ድምፅ አልሰማሁም።

እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው ያዳምጣሉ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"እሺ ልጄ..." አሉ ቀስ ብለው። "እሺ... መጣሁ።"