ከፋይሉ ራሴን ያገለልኩበት ምክንያት

«አርባ ገጽ ነው እኮ የመለስሽብኝ!» አለ በሩ ላይ እንደቆመ።

«ሠላሳ ስምንት» አልኩት ዓይኔን ከወረቀቴ ሳላነሳ። «ሁለቱ ባዶ ናቸው።»

ቀና ስል እየሳቀ ነበር። ተናዶ የመጣ ሰው ሲስቅ ምን እንደሚባል ስለማላውቅ ወንበር አሳየሁት።

ላቦራቶሪ ውስጥ ተንታኝ ነው። ኮምፒውተር የታማሚን ዘረመል አንብቦ የሚስማማውን መድኃኒት የሚለይበትን አሠራር የቀመረው እሱ ነው። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለው አሠራር ለሕክምና ከመዋሉ በፊት በሚፈትሽ መሥሪያ ቤት ገምጋሚ ነኝ። ላቦራቶሪዎች እንደየስሜታቸው እየጻፉ ሲያሰለቹኝ አንድ ወጥ ቅጽ አዘጋጀሁ፦ ምን ገባ፣ በየትኛው ፕሮግራም ተሠራ፣ ምን ወጣ፣ የቱ ጋ ሊሳሳት ይችላል። በዚያ ቅጽ የሚገመገመው የመጀመሪያው ፋይል የእሱ ሆነ፤ አርባ ገጹን የመለስኩበትም በቅጹ እንዲሞላው ነበር።

በየማክሰኞው እየመጣ፣ ያልገባውን እየጠየቀ ሞላው።

«ይሄን መስመር ማን ያነበዋል?»

«እኔ።»

«እንግዲያው አሳምሬ ልጻፈው።»

ጆሮዬ ጋለ። እስክሪብቶ ፍለጋ መሳቢያዬን አመሰቃቀልኩ። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት የጻፈውን ብቻ ይዤ ሥራውን ደረጃ በደረጃ ራሴ ሠራሁት። ውጤቱ ከእሱ ጋር አልገጠመም። እያንዳንዱ የዘረመል ቦታ በአንድ ቁጥር ተንሸራቷል።

«እሱማ...» አለ ሳሳየው። «አንዱ ፕሮግራም ሲቆጥር ከዜሮ ይጀምራል፣ ሌላው ከአንድ። መሀል ላይ በእጄ አስተካክለዋለሁ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።»

«ሁሉም ሰው ማን ነው?»

አሰበ። «እኔ።»

«አንተ ጉንፋን የያዘህ ቀን ታማሚው የማይሆነውን መድኃኒት ይዋጥ?»

ሳቁ ጠፋ። «እዚሁ ልጨምረው። አንድ መስመር ናት። በደብዳቤ ከመለስሽው ሦስት ወር ይፈጃል። አለቃዬ በቋፍ ላይ ነው፤ ሥራውን ከእጄ ይነጥቀኛል።»

ዓይኑን አየሁት። ማየት አልነበረብኝም። ሌላ አመልካች ቢሆን ንግግሩን እንኳ አላስጨርሰውም ነበር፤ ለእሱ ግን እጄ ወደ ቅጹ ሄደ። ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

«አይሆንም» አልኩ።

ቦርሳውን አንስቶ ሳይሰናበተኝ ወጣ።

ደብዳቤውን ጽፌ ፈረምኩ። ከዚያ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ።

«ይሄን ፋይል ከአሁን በኋላ ለሌላ ሰው ይስጡልኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የደከምሽበትን? ልጁ ምን አደረገሽ?»

«ምንም።»

«አንቺስ?»

«እስካሁን ምንም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግብ፣ የኔ ልጅ?»

ትንሽ አዩኝና «የግል ምክንያት» ብለው ጻፉ።

ማክሰኞ እንደዚያ የሚረዝም ቀን መሆኑን አላውቅም ነበር። አንድ እሁድ እናቴ «ያ አርባ ገጽ የሚጽፈው ልጅ ምነው ወሬው ጠፋ?» አለችኝ።

«የሥራ ጉዳይ ነበር፣ እማ።»

«እኔስ ሌላ ምን አልኩ?»

ሦስት ወር አልፎ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳያንኳኳ ገባ። ከስቷል።

«ጸደቀ» አለ።

«ሰምቻለሁ። አለቃህስ?»

«ሥራውን ነጥቆ ለሌላ ሰጠው። ሰውየው ያንቺን ቅጽ ይዞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠራው። አንዴ እንኳ አልደወለልኝም።» የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። «መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ሳስበው፣ ታማሚዎቹ ከእኔ ጉንፋን ተገላገሉ።»

ሳቅ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ፋይሉን የተውሽው ጠልተሽኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ኃላፊሽን ጠየቅኳቸው። ‹የግል ምክንያት› አሉኝ። ምንድን ነው የግል?»

ነገር ማስረዘም አልወድም። ይህን አጭር መልስ ግን ሦስት ወር ሙሉ አፌ ውስጥ ይዤው ከርሜያለሁ።

«አንተ ነህ።»

ኮሪደሩ ላይ የሆነ ሰው እያወራ አለፈ። እሱ በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው።

«ከሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትወጪው?» አለ በመጨረሻ።

«አሥራ አንድ።»

የግድግዳውን ሰዓት አየ። ዘጠኝ ተኩል ነበር። «እጠብቅሻለሁ።»

«እኔ ግን እስከዚያ አልጠብቅም» አልኩና ኮምፒውተሬን አጠፋሁ።